እናት እና ልጅ በአንድ አንገት፦ እርሾ የሚራባው እንዴት ነው?

ትንሽ የዳቦ እርሾ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በትኑ። ቆንጠር አድርጋችሁ ስኳር ጨምሩበት። አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቃችሁ በኋላ አንዲት ጠብታ ወስዳችሁ 400 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ተመልከቱ። እንቁላል የመሰሉ ብዙ ድብልብል ነገሮች ታያላችሁ። ረጋ ብላችሁ ስታዩ ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ እብጠት አላቸው። የአንዳንዱ እብጠት ገና ብቅ ማለቱ ነው። የሌላው ደግሞ የተሸከመውን ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው።

ያ እብጠት ልጅ ነው። እርሾ የሚወልደው እንደዚህ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ዓይኔን ከመሣሪያው ላይ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ስለ ነገሩ ማንበብ ስጀምር ግን ግራ ተጋባሁ። አንዱ መጽሐፍ እብጠቱን እምቡጥ ይለዋል። ሌላው ስፖር ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ስፖር ፍጹም ሌላ ነገር ነው ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚደናገር ከሥሩ ጀምረን እንየው።

እርሾ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግራችን እርሾ የምንለው ሊጡን የሚያቦካውን ነገር ሁሉ ነው። እሱ ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ረቂቅ ሕያዋን ተደባልቀው ይኖራሉ፣ ባክቴሪያም ጭምር። በሳይንስ ቋንቋ እርሾ ጠበብ ያለ ትርጉም አለው። አብዛኛውን ዕድሜውን በአንድ ህዋስ ብቻ የሚኖር ፈንገስ ማለት ነው።

ፈንገስ ደግሞ እንጉዳይን፣ ሻጋታን እና እርሾን አንድ ላይ የሚያቅፍ ትልቅ ወገን ነው። ተክል አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። በዝምድና ግን ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ስለ መድኃኒት ስናወራ ትመጣለች።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እርሾ የአንድ ቤተሰብ ስም አይደለም። የአኗኗር ስም ነው። በቅርብ ዝምድና የማይገናኙ ብዙ ፈንገሶች በየራሳቸው መንገድ ወደዚህ ኑሮ ገብተዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ሁኔታው ይቀያይራሉ፤ ሲመቻቸው እንደ እርሾ ብቻቸውን፣ ሲያሻቸው እንደ ሻጋታ በረጅም ክር።

ከሁሉም የታወቀው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲኤ የሚባለው ነው። ዳቦ የሚነፋውም፣ ቢራ የሚጠምቀውም እሱ ነው። አንዱ ህዋስ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር ላይ ከ100 እስከ 200 የሚሆኑትን መደርደር ይቻላል።

በ1680 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዩዌንሁክ ከቢራ የተወሰደ እርሾ በራሱ ማይክሮስኮፕ አይቶ ድብልብሎቹን ገልጿቸዋል። ሕይወት እንዳላቸው ግን አልገባውም። ከ150 ዓመት በላይ አለፈ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ካኛር ዴ ላ ቱር፣ ጀርመናውያኑ ቴዎዶር ሽቫን እና ፍሪድሪኽ ኩትዚንግ፣ ሦስቱም በየራሳቸው እርሾ ሕያው ነው አሉ። ዋናው ማስረጃቸው ምን ነበር? ሲያቆጠቁጥ አዩት። ጎኑ ላይ ልጅ የሚያወጣ ነገር ተራ ኬሚካል ሊሆን አይችልም። የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ግን ተሳለቁባቸው። ክርክሩ ሚዛኑ የዞረው ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ መፍላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን በሙከራ ካሳየ በኋላ ነው።

ማቆጥቆጥ ለሁለት ከመሰንጠቅ በምን ይለያል?

የተቆረጠ ዛፍ ከጉቶው ጎን አዲስ ቀንበጥ ሲያወጣ አቆጠቆጠ እንላለን። ዘር አልተዘራም፣ አበባ አልታየም። ካለው አካል ላይ አዲስ አካል ወጣ። የእርሾውም ነገር እንደዚያው ነው። ቃሉ ስለሚስማማው እኔም ማቆጥቆጥ እለዋለሁ፤ የሚወጣውን እብጠት ደግሞ እምቡጥ።

ወንድ የለም፣ ሴት የለም፣ የሁለት ወላጅ ዘር አይቀላቀልም። ስለዚህ ኢ-ጾታዊ መራባት ይባላል። ልጁ የእናቱ ቅጂ ነው፤ ሲቀዳ በስህተት የሚገቡ ጥቃቅን ለውጦች ካልሆኑ በስተቀር። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አጋር መፈለግ የለም። አንድ ህዋስ ብቻውን ምግብ ያለበት ቦታ ላይ ቢወድቅ አካባቢውን ለመሙላት ይበቃል። ጉዳቱም ግልጽ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንዱን የገደለ ነገር ሌላውንም ይገድላል።

ብዙ ባክቴሪያዎችም ያለ ጾታ ይራባሉ፣ ግን መንገዳቸው ሌላ ነው። ባክቴሪያው ይረዝማል፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ከእርሾዎችም ቢሆን እንደዚህ የሚያደርጉ አሉ፤ ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ አንዱ ነው። እነዚህ ሲከፈሉ ሁለት እኩል ግማሾች ይቀራሉ።

ልዩነቱን በቤት አስቡት። አንዱ ሰው ቤቱን ያስረዝምና መሃሉ ላይ ግድግዳ ሠርቶ ሁለት ቤት ያደርገዋል። ሌላው የድሮውን ቤት ሳይነካ ጎኑ ላይ በር ይከፍትና አዲስ ክፍል ይቀጥላል። ዕቃ በበሩ ያሳልፋል። ሲጨርስ በሩን ይደፍነዋል። ከዚያ አዲሱ ክፍል ተላቆ ራሱን የቻለ ቤት ይሆናል። የሚያቆጠቁጥ እርሾ እንደ ሁለተኛው ሰው ነው። የልጁ ግድግዳ በሙሉ ማለት ይቻላል አዲስ ነው። የእናት ግድግዳ የድሮው እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ጋ እናት እና ልጅ ማለት ለአነጋገር ያህል አይደለም። የትኛዋ አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ በትክክል ይታወቃል።

ውስጡ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ህዋሱ ራሱን ይመዝናል። ምግብ አለ ወይ? መጠኔ ደርሷል ወይ? ገና ትንሽ ከሆነ ይጠብቃል። አዲስ የተለየ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቱ ስለሚያንስ፣ የመጀመሪያ ልጁን ከመውለዱ በፊት እስኪያድግ ይቆያል። እናቱ ግን ወዲያው ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

ቀጥሎ ቦታ ይመረጣል። ሲዲሲ42 የሚባል ፕሮቲን በህዋሱ ሽፋን ላይ አንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል። እሱ የተከማቸበት ቦታ እምቡጥ ይወጣል። የሚገርመው ይህ ፕሮቲን የእኛም ህዋሶች ውስጥ አለ። እዚያም ሥራው ለህዋሱ ፊት እና ኋላውን ማሳወቅ ነው። ምርጫው ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ረድፍ ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የያዘው የዲኤንኤ ጥቅል) ያለው እርሾ አዲሱን እምቡጥ ካለፈው ጎን ያወጣል። ሁለት ረድፍ ያለው ግን ሁለቱን ጫፎቹን ይጠቀማል።

ከዚያ የተመረጠው ነጥብ ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ የተገነባው ሴፕቲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ስፋቱ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ይህ ቀለበት በኋላ በእናት እና በልጅ መካከል ያለው አንገት ይሆናል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ አንገት ነው። የሚያልፈው የሚያልፈው እዚህ ነው፣ የሚታገደው የሚታገደው እዚህ ነው፣ መለያየቱም እዚሁ ነው።

አሁን ከባዱ ሥራ ይመጣል። እርሾ ጠንካራ ግድግዳ አለው፣ ውስጡ ደግሞ እንደተነፋ ጎማ ግፊት አለ። ልጅ ለማውጣት ግድግዳውን አንድ ቦታ ላይ ማላላት ያስፈልጋል። ብዙ ካላላው ይፈነዳል። ትንሽ ካላላው ምንም አይወጣም። ህዋሱ የሚያደርገው ይህን ነው፦ በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ግድግዳ በኢንዛይም ያለሰልሳል፣ በዚያው ቅጽበት አዲስ የግድግዳ ቁስ ያቀርባል። ግፊቱ ለስላሳውን ቦታ ወደ ውጭ ይነፋዋል። ጠርሙስ የሚሠራ ሰው የጋለውን መስታወት በትንፋሹ ሲነፋው እንደማለት ነው።

ዕቃውን ማን ያመላልሳል? ከእናት ወደ እምቡጥ አክቲን የሚባሉ ክሮች ተዘርግተዋል። ማዮሲን የሚባሉ ጥቃቅን ሞተሮች ጭነታቸውን ይዘው በክሮቹ ላይ ይጓዛሉ። እነዚህ ጡንቻችንን ከሚያኮማትሩት ፕሮቲኖች ጋር የቅርብ ዘመዶች ናቸው። የግድግዳ ቁስ ያደርሳሉ። ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያዎች ከፍለው ይወስዳሉ። ልጁ ባዶ እጁን አይጀምርም፣ ድርሻው ይሰጠዋል።

በመጨረሻ ኒውክሊየሱ ይመጣል፣ ማለትም ዲኤንኤውን የያዘው ክፍል። ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲኤ በአንድ ረድፍ 16 ክሮሞሶሞች አሉት። ሁሉም ይቀዳሉ። ከዚያ ኒውክሊየሱ ወደ አንገቱ ይጠጋል፣ ይለጠጣል፣ በጠባቧ አንገት ውስጥ ሾልኮ ግማሹ ልጁ ጋ ይገባል። የእኛ ህዋሶች ውስጥ በዚህ ጊዜ የኒውክሊየሱ ሽፋን ይፈርሳል። እርሾ ጋ ግን ሳይፈርስ ነው ሁሉም የሚያልቀው። ጥንቃቄም አለ። ኒውክሊየሱ ወደ ልጁ በትክክል ካልገባ ሥራው ይቆማል። እስኪስተካከል ድረስ መለያየት የለም። ይህ ባይኖር እናት ሁለት ኒውክሊየስ ታቅፋ ትቀር ነበር፣ ልጁም ባዶ ቀፎ ይሆን ነበር።

አንገቱ በካይቲን ይደፈናል። ካይቲን የነፍሳትን ቅርፊት የሚያጠነክረው ቁስ ነው። በሁለቱም በኩል ተጨማሪ ግድግዳ ይለሰንበታል። ከዚያ ልጁ ራሱ መሃል ያለውን ካይቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም ያመነጫል። አዎ፣ እትብቱን የሚቆርጠው ልጁ ነው። ምቹ ሙቀት እና በቂ ምግብ ካለ ይህ ሁሉ 90 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

በ90 ደቂቃ አንድ ሁለት ከሆነ፣ በ24 ሰዓት 16 ጊዜ ይባዛል። ከአንድ ህዋስ 65,536 ይሆናል። ሊጥ ለምን እንደሚነፋ አሁን ገባችሁ፤ እያንዳንዱ ስኳር እየበላ ጋዝ ያወጣል።

የእምቡጡ መጠን ሌላም ውለታ ውሏል። እምቡጥ ከሌለ ህዋሱ ገና አልጀመረም። ትንሽ ከሆነ ዲኤንኤው እየተቀዳ ነው። ትልቅ ከሆነ ክፍፍሉ ደርሷል። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሰዓት ተጠቀመበት። ጂናቸው የተበላሸ እርሾዎችን ሰበሰበ፤ ሙቀት ሲጨምርባቸው ሁሉም አንድ ዓይነት የእምቡጥ መጠን ላይ ተገትረው የሚቀሩትን ለየ። በዚህ መንገድ የህዋስ ክፍፍልን የሚመሩ ጂኖችን አንድ በአንድ አገኘ። የአንገቱን ቀለበት የሚሠሩት ሴፕቲኖችም የተገኙት በዚሁ ሥራ ነው። ካንሰር ከልክ ያለፈ የህዋስ ክፍፍል ስለሆነ ግኝቱ ከእርሾ አልፎ ሄደ። ሃርትዌል በ2001 ከፖል ነርስ እና ከቲም ሃንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

እናት ጋ የሚቀረው ጠባሳ ምንድን ነው?

ልጁ ሲለይ እናት ላይ ክብ ጠባሳ ይቀራል። አብዛኛው ካይቲን ነው። ልጁም ላይ የራሱ ምልክት አለ፣ እምብርት በሉት። ልጁ እምብርቱ አንድ ብቻ ናት። እናት ግን በወለደች ቁጥር አንድ ጠባሳ ይጨመርባታል። ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ባለበት ቦታ ላይ እንደገና አትወልድም። ካይቲን ላይ የሚጣበቅ አንጸባራቂ ቀለም ቢጨመር ጠባሳዎቹ እንደ ቀለበት ያበራሉ። ቁጠሯቸው፤ ስንት ልጅ እንደወለደች ታውቃላችሁ።

ታዲያ ለዘላለም ትወልዳለች? አትወልድም። በ1959 ሮበርት ሞርቲመር እና ጆን ጆንስተን እያንዳንዷን ልጅ በማይክሮስኮፕ ስር ከእናቷ እየለዩ ቆጠሩ። እናት ህዋስ የተወሰነ ቁጥር ከወለደች በኋላ ታቆማለች፣ ትሞታለች። በአማካይ ከ20 እስከ 30 ልጅ ገደማ ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚነካኝ ቀጣዩ ነገር ነው። ከአሮጊት እናት የተወለደ ልጅ ወጣት ሆኖ ነው የሚወለደው። ዕድሜው ከዜሮ ይጀምራል። የተበላሹ ፕሮቲኖች እና ከክሮሞሶም ተቆርጠው የቀሩ የዲኤንኤ ቀለበቶች በአብዛኛው እናት ጋ ይቀራሉ። አንገቱ እንደ ወንፊት ነው፤ ጥሩውን ያሳልፋል፣ እክሉን ያስቀራል። በጣም ካረጁ እናቶች የሚወለዱ አንዳንድ ልጆች ግን የእናታቸውን እርጅና በከፊል ወርሰው አጭር ዕድሜ ይኖራሉ። ወንፊቱም ያረጃል ማለት ነው። የእርጅናን ምስጢር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እርሾን የሙጥኝ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጊት ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። በደንብ እያደገ ያለ የእርሾ ማኅበር ውስጥ ግማሾቹ ገና ምንም ያልወለዱ ናቸው። ሩቡ አንድ ጊዜ የወለደ፣ አንድ ስምንተኛው ሁለት ጊዜ፣ እያለ ይቀጥላል። በዚህ ስሌት 20 ጠባሳ ያላት እናት ከሁለት ሚሊዮን ህዋስ አንዷ ብቻ ናት።

ታዲያ እምቡጡ ስፖር ነው ወይስ አይደለም?

ስፖር ማለት ፈንገስ ለመሠራጨት ወይም ክፉ ቀንን ለማለፍ የሚያዘጋጀው፣ ተለይቶ አዲስ ፈንገስ ሊሆን የሚችል ህዋስ ነው። ያለ ጾታ ከሚሠሩት የፈንገስ ስፖሮች ብዙዎቹ ኮኒዲያ ይባላሉ፤ ቃሉ አቧራ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከኮኒዲያዎች መካከል በማቆጥቆጥ የሚፈጠረው ብላስቶስፖር ወይም ብላስቶኮኒዲየም ይባላል። ብላስቶስ በግሪክ ቀንበጥ ነው።

ረጅም ክር የሚሠራ ፈንገስ ከክሩ ጎን እንደዚህ ያለ ህዋስ ሲያወጣ ስፖር ነው ብሎ መጥራት አያከራክርም። ክሩ አካሉ ነው፣ የወጣው የሚሠራጭ ዘር። እርሾ ጋ ስንመጣ ግን አካሉም አንድ ህዋስ፣ ልጁም አንድ ህዋስ። ስለዚህ የህዋስ አጥኚዎች ልጅ ህዋስ ብለው ያልፉታል። ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ያሉት ብላስቶስፖር ይሉታል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኔ ግን በስሙ ላይ ብዙ አትድከሙ እላለሁ። የሚበጀው እንዴት ተፈጠረ ብሎ መጠየቅ ነው።

ምክንያቱም እርሾ ሌላ ዓይነት ስፖርም አለው፣ እሱን ከዚህ ጋር መቀላቀል እውነተኛ ስህተት ነው። ሁለት ረድፍ ክሮሞሶም ያለው ሳካሮማይሲስ ናይትሮጅን ሲያጣ እና ጥሩ ስኳር ሲቋረጥበት ማቆጥቆጡን ይተዋል። ክሮሞሶሞቹን በሜዮሲስ፣ ማለትም የዘር ህዋሶች በሚሠሩበት መንገድ፣ ለአራት ያካፍላል። በአንድ ከረጢት ውስጥ አራት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ስፖሮች ይሠራል። አስኮስፖር ይባላሉ። ይህ ጾታዊው መንገድ ነው። አስኮስፖሮቹ ከተራው ህዋስ ይልቅ ችግር ይችላሉ። ብላስቶስፖሩ ግን ጋሻ የለበሰ አይደለም። ተራ፣ ለሥራ ዝግጁ የሆነ ህዋስ ነው።

የባክቴሪያ ስፖር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። አንድ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስፖር ብቻ ይሠራል። ቁጥሩ አይጨምርም። መደበቂያ ነው።

ሻጋታዎችስ ያቆጠቁጣሉ?

ብዙዎቹ በሆነ መልኩ አዎ። ፈንገስ አጥኚዎች ኮኒዲያ የሚፈጠርበትን መንገድ በሁለት ጎራ ይከፍሉታል። በአንደኛው የክሩ ጫፍ ወይም ጎን ይነፋል፣ ከዚያ ይዘጋል። በሁለተኛው የነበረው ክር ራሱ እንደ አገዳ ይቆራረጣል፤ ጂዮትሪከም እንደዚህ ያደርጋል። የመጀመሪያው የእርሾው ማቆጥቆጥ የሚገኝበት ሰፋ ያለ ቤተሰብ ነው። ካናዳ ውስጥ የሠራው ስታንሊ ሂዩዝ በ1953 ፈንገሶችን በስፖራቸው መልክ ብቻ ከመመደብ ይልቅ በአፈጣጠሩ እንመድብ ያለው ይህን በማየት ነው።

ክላዶስፖሪየም የሚባለው የተለመደ ሻጋታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስፖሩ አናት ላይ ሌላ ስፖር ያቆጠቁጣል፣ እሱም ሌላ። እንደ ዶቃ ይደረደራሉ፤ ታናሹ ጫፍ ላይ ነው። አስፐርጊለስ እና ፔኒሲሊየም ግን በተቃራኒው ናቸው። ጠርሙስ የመሰለች ህዋስ ከአንገቷ ስፖር እያከታተለች ትገፋለች። አዲሱ የድሮውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ታናሹ ሥር ላይ ይገኛል። ሁለቱም ሰንሰለት ናቸው፣ ግን በማይክሮስኮፕ አንድ ጊዜ የለየ ሰው ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

ሚዩኮርን ደግሞ ልጨምር። በተለመደው አየር የጥጥ ንድፍ የመሰለ ሻጋታ ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ክሩን ትቶ ድብልብል ይሆንና በዙሪያው እምቡጥ ያወጣል። እርሾነት አኗኗር ነው ያልኩት ለዚህ ነው።

ከበሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው እርሾ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ እና አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖራል። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ወይም አንቲባዮቲክ ጎረቤት ባክቴሪያዎችን ሲያጠፋ ግን ቦታ ያገኛል። ኃይሉ ቅርጹን መቀያየሩ ነው። አንዳንዴ ተራ እምቡጥ ያወጣል። አንዳንዴ እምቡጦቹ ይረዝሙና ሳይለያዩ ይቀጣጠላሉ፤ በየአንገቱ የጠበበ፣ አስመሳይ ክር የሚባል ነገር ይሆናሉ። አንዳንዴ ደግሞ አንገት የሌለው፣ ወርዱ እኩል የሆነ እውነተኛ ክር ይልካል።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ድብልብሉ ብላስቶስፖር ቀላል ስለሆነ በደም ይጓዛል፣ አዲስ ቦታ ይደርሳል። ክሩ ደግሞ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በ2016 ክሩ ካንዲዳላይሲን የሚባል የሰውን ህዋስ የሚበሳ መርዝ እንደሚያወጣ ታወቀ። ላቦራቶሪዎችም ይህን ቅርጽ መቀየር ለምርመራ ይጠቀሙበታል። የተጠረጠረውን እርሾ በደም ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያቆዩታል። ትንሽ ቱቦ ካወጣ ካንዲዳ አልቢካንስ ወይም በጣም የቅርብ ዘመዱ ነው።

የአንገቱ ስፋት ራሱ መለያ ነው። ማጅራት ገትር የሚያስከትለው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ እምቡጡን የሚይዘው በቀጭን አንገት ነው፤ ጥቁር ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ በዙሪያው ያለው ወፍራም ሽፋን እንደ ነጭ ክብ ይታያል። ብላስቶማይሲስ ደርማቲቲዲስ ግን እናት እና ልጅ በሰፊ መሠረት የተጣበቁበት ነው። ፓራኮክሲዲዮይዲስ በአንድ ጊዜ በዙሪያው ብዙ ልጆች ስለሚያወጣ የመርከብ መሪ ይመስላል። ቋቁቻ የሚያመጣው ማላሴዚያ ከአንድ ቦታ ብቻ ደጋግሞ ስለሚወልድ እዚያ ቦታ ላይ አንገትጌ የመሰለ ጠርዝ ይሠራል። ልምድ ያለው ባለሙያ አንገቱን አይቶ ብቻ የትኛው በሽታ እንደሆነ ጥሩ ፍንጭ ያገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ፈንገሶች ዝርዝር አውጥቶ ነበር። እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራቱ ሦስቱ የሚያቆጠቁጡ ናቸው፦ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ፣ ካንዲዳ አልቢካንስ እና ካንዲዳ ኦሪስ። አራተኛው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ነው። ካንዲዳ ኦሪስ ለሳይንስ የተዋወቀው በ2009 ከጃፓን፣ ከአንዲት ታካሚ ጆሮ በተወሰደ ናሙና ነው። ኦሪስ በላቲን ጆሮ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒት ይለምዳል።

መድኃኒቱ ለምን ይቸግራል? ያዙልኝ ያልኩት ዝምድና እዚህ ጋ ይመጣል። ፈንገስ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ እሱን የሚጎዳ ብዙ ነገር እኛንም ይጎዳል። ስለዚህ እኛ የሌለንን ነገር መፈለግ ያስፈልጋል። የእኛ ህዋስ ግድግዳ የለውም። ኤኪኖካንዲን የሚባሉት መድኃኒቶች ግሉካን የሚባለውን የግድግዳ ቁስ እንዳይሠራ ይከለክላሉ። እምቡጡ ሲነፋ ግድግዳው እንደሚላላ አስታውሱ። አዲስ ቁስ ካልመጣለት ግፊቱ ያሸንፋል፣ ህዋሱ ይፈነዳል። ሲወልድ ነው የሚመታው።

ልጁ አልለይም ቢልስ?

አንዳንድ የካንዲዳ ኦሪስ ዓይነቶች ልጆቻቸውን ጨርሰው አይለቁም፤ እንደ ዘለላ ተያይዘው ይቀራሉ። ሳካሮማይሲስ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆን ተብሎ ተሞክሯል።

ዊል ራትክሊፍ እና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙት ሙከራ ቀላል ነበር። እርሾ በፈሳሽ ያሳድጋሉ። በየቀኑ ፈጥኖ ወደ ታች የዘቀጠውን ብቻ ወስደው ለሚቀጥለው ቀን ይዘሩታል። ከባድ የሆነ በፍጥነት ይዘቅጣል። በ60 ቀን ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የመሰሉ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው የህዋስ ዘለላዎች በዙ። ሲመረመሩ ኤስ2 የሚባለው ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። ይህ ጂን ልጁ ካይቲኑን የሚያሟሟበትን ኢንዛይም እንዲያመነጭ የሚያዘው ነው። ትዕዛዙ ጠፋ፣ እትብቱ ሳይቆረጥ ቀረ። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ተያይዘው አደጉ። ዘለላው ሲጨናነቅ መጋጠሚያው ላይ ይሰበራል፤ የተሰበረው ቁራጭ ራሱን የቻለ አዲስ ዘለላ ይሆናል።

ሙከራው ቀጠለ። በ2023 የ600 ዙር ውጤት ታተመ። ኦክስጅን ሳይጠቀሙ ያደጉት ዘለላዎች መጀመሪያ ከነበሩበት ከ20,000 እጥፍ በላይ ተለቀዋል። ህዋሶቻቸው ረዝመው እንደ ሐረግ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። አሁን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ብልቃጡ ውስጥ በዓይን ይታያሉ።